የታደሰ ድረ ገጽ ሲያስቆጣ፦ የነፃ ስርዓተ ክወና ተጠቃሚዎችን ምላሽ አንብቦ ሥራ ላይ ማዋል

የአንድ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ድረ ገጽ በአዲስ መልክ ይፋ በሆነባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት የሚደርሱት መልእክቶች አጫጭርና መራራ ናቸው። «የድሮው በስንት ጣዕሙ!»፣ «የሞባይል ማስታወቂያ አስመሰላችሁት»፣ «ማውረጃው የት ገባ?»፣ «ይህን ማን ጠየቃችሁ?» ለወራት ያለ ክፍያ የደከሙ በጎ ፈቃደኞች ይህን ሲያነቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ ከእያንዳንዱ ጸሐፊ ጋር ሙግት ይገጥማሉ፣ ወይ ደግሞ «ሰው ሲባል ለውጥ አይወድም» ብለው የመጣውን ሁሉ በአንድ ላይ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። በሁለቱም መንገድ ከመልእክቶቹ ውስጥ የሚገኘው ጠቃሚ ነገር ይባክናል። እኔ የምመክረው አሠራር በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ከእያንዳንዱ የውበት ፍርድ ጀርባ ጸሐፊው ሊሠራው መጥቶ ሳይሠራው የቀረ አንድ ጉዳይ ሊኖር ይችላል የሚል ነው። የድረ ገጹ ቡድን ድርሻ ያንን ጉዳይ ፈልጎ ማግኘት ነው፤ የማይኖርበትም ጊዜ አለ፣ ግን ሳይፈለግ የለም አይባልም።

የስርዓተ ክወና ድረ ገጽ ከሌላው ድረ ገጽ የሚለይበት ነገር አለው። ወደ እርሱ የሚመጣ ሰው ለመዝናናት አይመጣም። አንዱ የመጫኛውን ፋይል ሊያወርድ፣ ሌላው የወረደው ፋይል በትክክል የፕሮጀክቱ መሆኑን ሊያረጋግጥ፣ ሌላው የደኅንነት ማሳሰቢያ ሊያነብ ይመጣል፤ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ብሎት መፍትሔውን በስልኩ ትንሽ መስኮት የሚፈልግም አለ። በዚያ ላይ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸውን እንደ ደንበኛ አያዩም። ጥቅል ያዘጋጃሉ፣ ይተረጉማሉ፣ ስህተት ይጠቁማሉ፤ ቤቱ የእነርሱም ነው። ስለዚህ ሳይነገራቸው የቤቱ ዕቃ ቦታው ሲቀያየር የሚሰማቸው ቅሬታ ከገዢ ቅሬታ ይልቅ የባለቤት ቅሬታ ነው፤ መልሱም በዚያው ልክ መሆን አለበት።

ከይፋው ቀን በፊት

ምላሽን በአግባቡ ለማንበብ ዝግጅቱ የሚጀምረው ምላሹ ከመምጣቱ በፊት ነው። በመጀመሪያ፣ ሰዎች ወደ ድረ ገጹ የሚመጡባቸውን ዋና ዋና ጉዳዮች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከሰባት ወይም ከስምንት አይበልጡም። ለእያንዳንዱ ጉዳይ በአሮጌው ገጽ ስንት ጠቅታ እንደሚፈጅና በአዲሱ ስንት እንደሚፈጅ ቆጥረው ጎን ለጎን ያስፍሩት። ይህ ወረቀት በኋላ «ከበፊቱ ከብዷል» የሚል መልእክት ሲመጣ ነገሩ እውነት መሆኑን በደቂቃ ውስጥ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ የአሮጌውን ድረ ገጽ አድራሻዎች በሙሉ ይሰብስቡ። በሌሎች ሰዎች ማስታወሻዎች፣ በማስተማሪያ ጽሑፎችና በስክሪፕቶች ውስጥ ለዓመታት የተቀመጡ አድራሻዎች አሉ፤ ገጹ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ ሰርቨሩ 301 የተባለውን የቋሚ ዝውውር ምላሽ ሰጥቶ ጎብኚውን ወደ አዲሱ ቦታ ሊመራው ይገባል። ይህ ሳይደረግ የቀረ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ከሚመጣው ቁጣ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው 404 የተባለው «ገጹ አልተገኘም» የሚል ምላሽ ነው፤ ቁጣውም ፍትሐዊ ነው። አሮጌው ገጽ ራሱ በተለየ አድራሻ ቢያንስ ለጥቂት ወራት እንዳለ ቢቆይ መልካም ነው፤ ሰዎች መሸሸጊያ እንዳላቸው ሲያውቁ ረጋ ብለው ይጽፋሉ፣ እናንተም ሁለቱን እያነጻጸራችሁ መከራከር ትችላላችሁ።

በመጨረሻም ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ በግልጽ ቋንቋ አንድ ገጽ ይጻፉ። «ዘመናዊ ለማድረግ» ምክንያት አይባልም። «አሮጌው ገጽ በስልክ ላይ አይነበብም ነበር፤ የትርጉም ቡድኖች አንድን ዐረፍተ ነገር ለመቀየር አራት ፋይል መንካት ነበረባቸው» ግን ምክንያት ነው። ዴቢያን የተባለው የነፃ ስርዓተ ክወና ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2011 ስሪት 6.0ን ሲያወጣ ለ13 ዓመታት ገደማ ብዙም ያልተለወጠውን የድረ ገጾቹን መልክ አብሮ ቀይሯል። አንድን መልክ ያን ያህል ጊዜ የለመደ ተጠቃሚ ምክንያቱ በጽሑፍ ቢቀርብለትም ላይስማማ ይችላል፤ ቢያንስ ግን የሚከራከረው ከምክንያቱ ጋር ይሆናል፣ ከሰዎቹ ጋር አይሆንም።

መልእክቶቹን መመዝገብ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተሰበረ ነገር ከመጠገንና መልእክቱ መድረሱን ከመግለጽ በስተቀር ማብራሪያ አይስጡ። በዚህ ጊዜ የሚጻፍ ማብራሪያ ሁሉ መከላከያ ይመስላል። ይልቁንም አንድ ሰንጠረዥ ከፍተው እያንዳንዱን መልእክት በአንድ መስመር ያስፍሩ፤ ሰውየው ምን ሊሠራ መጥቶ ነበር፣ የት ላይ ተሰናከለ፣ በምን መሣሪያና በየትኛው ብራውዘር፣ ድሮስ በየት በኩል ይደርስ ነበር። የመልእክቱን ቃና የሚመለከት ዓምድ አያስፈልግም። ስድብ ያለበትም ምስጋና ያለበትም እኩል አንድ መስመር ይይዛሉ።

አብዛኞቹ መስመሮች መጀመሪያ ላይ ባዶ ዓምዶች ይኖሯቸዋል፤ ምክንያቱም ሰው ሲናደድ የሚጽፈው ስሜቱን ነው እንጂ ሁኔታውን አይደለም። ባዶውን የሚሞላው አንድ ጥያቄ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ የነፃ ስርዓተ ክወና ፕሮጀክት ውስጥ በሰነድና በድረ ገጽ ሥራ ስረዳ፣ አዲሱን ገጽ ባወጣን ማግስት «አስቀያሚ ሆኗል፤ መልሱት» የሚል ባለ ሦስት ቃል መልእክት ደረሰን። ከመካከላችን አንዱ ሊሰርዘው ፈልጎ ነበር፤ እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። ሌላዋ ባልደረባችን ግን «በትናንትናው ዕለት ወደ ገጹ ሲመጡ ምን ሊሠሩ አስበው እንደነበር ሊነግሩን ይችላሉ?» ብላ ጻፈችላቸው። መልሱ በሰዓት ውስጥ መጣ፣ ቃናውም ፈጽሞ ሌላ ነበር። ሰውየው የመጫኛውን ፋይል የሚያወርዱት ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ሆነው፣ ሊንክስ በተባለው ጽሑፍ ብቻ በሚያሳይ ብራውዘር ነው። እኛ ደግሞ ገጹ እንዳይጨናነቅ ብለን የማረጋገጫ ቁጥሮቹን (ቼክሰም የሚባሉትን፣ የወረደው ፋይል ሳይለወጥ መድረሱ የሚመሳከርባቸውን) «ተጨማሪ» በሚል ቁልፍ ሥር ሸሽገን ነበር፤ ቁልፉ የሚከፈተው ጃቫስክሪፕት በተባለ፣ በብራውዘሩ ውስጥ በሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ ሊንክስ ጃቫስክሪፕት አያውቅም። ስለዚህ ለእርሳቸው ቁጥሮቹ ጠፍተዋል ማለት ነው። ጥገናው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በሰንጠረዡ ላይ የነበረው «አስቀያሚ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ያለ ጃቫስክሪፕት ቼክሰም አይታይም» የሚል ተተካበት።

መለየት

ሰንጠረዡ ሠላሳ አርባ መስመር ሲይዝ መልእክቶቹ በራሳቸው ጊዜ መሰባሰብ ይጀምራሉ። የተሰበሩ ነገሮች ቅድሚያ አላቸው፤ የማይሠራ ሊንክ፣ በስልክ ላይ ከመስኮቱ የሚወጣ ሰንጠረዥ፣ በኪቦርድ ብቻ የማይደረስ ሜኑ፣ ለስክሪን ሪደር (ገጹን ለዓይነ ስውራን በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም) ስሙን የማይናገር ቁልፍ። በእነዚህ ላይ ውይይት አያስፈልግም፤ በዕለቱ ይጠገናሉ።

«ጽሑፉ ደብዝዟል፣ ዓይኔን ያመኛል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከጣዕም ጋር ተደባልቆ ስለሚታለፍ ጥቂት ልቆይበት። ይህ የሚለካ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደላት ደግሞ 3 ለ1 የሆነ የብርሃን ንፅፅር በመካከለኛ ደረጃው ይጠይቃል። ዲዛይነሮች የሚወዱት 999999 የሚል ኮድ ያለው ግራጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ ንፅፅሩ 2.85 ለ1 ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ 767676 ቢጠቁር ግን 4.54 ይደርሳል፣ ይህም ለጥቂት ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣ «ለእኔ በደንብ ይታየኛል» ከማለት በፊት መለካት ነው። በእኔ ልምድ ቅሬታ አቅራቢው ትክክል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል፤ ዲዛይኑ የተሠራው ብዙውን ጊዜ በውድ ስክሪን ላይ ነውና።

ቋንቋም እንዲሁ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። በዴቢያን ድረ ገጽ እንደሚደረገው ሰርቨሩ ብራውዘሩ የላከውን የቋንቋ ምርጫ አይቶ ገጹን በዚያው ቋንቋ የሚያቀርብ ከሆነ፣ «ያልጠየቅሁት ቋንቋ መጣብኝ» የሚል መልእክት የግድ የዲዛይን ስህተት አይደለም፤ የብራውዘሩ ቅንብር ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቋንቋ መቀየሪያው ድሮ ከገጹ ግርጌ በግልጽ ተጽፎ የነበረና አሁን ወደ ትንሽ ምስል የተቀየረ ከሆነ ተጠያቂው ዲዛይኑ ነው።

መታመንን የሚነኩ መልእክቶች ለብቻቸው መቀመጥ አለባቸው፤ ቁጥራቸው አንድ ቢሆን እንኳ ክብደታቸው የሌላውን አርባ ያህላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 20 ቀን 2016 ሊኑክስ ሚንት የተባለው ስርዓተ ክወና ድረ ገጽ በአጥቂዎች ተሰብሮ፣ የስሪት 17.3 የሲናሞን እትም ማውረጃ ሊንክ የኋላ በር (አጥቂው በድብቅ የሚገባበት መንገድ) ወደ ተገጠመለት የአይኤስኦ (የመጫኛ) ፋይል እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። በዚያ ቀን ፋይሉን ያወረደ ሰው ራሱን ሊጠብቅ የሚችለው የማረጋገጫ ቁጥሩን በማመሳከር ነበር። ማመሳከሪያ ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ ከዚያው ከተሰበረው ገጽ ላይ የሚነበብ ከሆነ አጥቂው እርሱንም ሊቀይረው ስለሚችል፣ ፋይሉ ከድረ ገጹ ውጭ በተያዘ ሚስጥራዊ ዲጂታል ቁልፍ መፈረሙና ፊርማውን የሚያረጋግጥበት መንገድ ለተጠቃሚው መነገሩ ወሳኝ ነው። እንግዲህ አዲሱ ገጽ አንድ ትልቅና የሚያምር «አውርድ» ቁልፍ አስቀምጦ ፊርማውንና የማረጋገጫ መመሪያውን ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ ከወሰዳቸው፣ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚሉት ነባር ተጠቃሚዎች ስለ ናፍቆት እያወሩ አይደለም። እነዚህን ነገሮች ከማውረጃው ቁልፍ አጠገብ መልሶ ማስቀመጥ ዲዛይኑን አያበላሸውም፤ ቢያበላሸው እንኳ ይበላሽ።

ከድረ ገጹ አቅም በላይ የሆኑ ቅሬታዎች

አንዳንዱ ቅሬታ ስለ ድረ ገጹ የሚናገር ይመስላል እንጂ ሥሩ ሌላ ቦታ ነው። የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ከዴቢያን የሚገኝ ነው። ለብዙ ዓመታት አዳዲስ ተጠቃሚዎች «መጫኛውን አወረድሁ፣ ዋይፋዬ ግን አይሠራም፤ የሚሠራውን ለምን ደበቃችሁት?» እያሉ ያማርሩ ነበር። የብዙ ገመድ አልባ ካርዶች ፈርምዌር (ካርዱ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ፕሮግራም) ነፃ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ኮዱን አይቶ ሊቀይረው የሚችል፣ ስላልሆነ ይፋዊው መጫኛ አይዘውም ነበር፤ ፈርምዌሩን ያካተተው እትም ይፋዊ ባለመሆኑ በሌላ ቦታ ተቀምጦ የሚያውቅ ብቻ ያገኘው ነበር። ማንኛውም ዲዛይነር የገጹን ቀለም፣ ሜኑና የቁልፍ መጠን መቶ ጊዜ ቢቀይር ይህን ቅሬታ ሊያጠፋው አይችልም ነበር፤ ገጹ የፕሮጀክቱን መርህ በታማኝነት እያንጸባረቀ ነበርና። ነገሩ የተፈታው የፕሮጀክቱ አባላት እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌሩ በይፋዊው መጫኛ ውስጥ እንዲካተት በመወሰናቸው ሲሆን፣ ውሳኔው እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 2023 በወጣው ስሪት 12 ላይ ተግባራዊ ሆነ።

በሰንጠረዥዎ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ሲያጋጥምዎ በድረ ገጹ ሥራ ስር አይተዉት፤ መወሰን ለሚችሉት ክፍሎች ከነቁጥሩ ያስተላልፉት፣ ለጸሐፊውም ወዴት እንዳስተላለፉት ይንገሩ። የድረ ገጽ ቡድን በራሱ ላይ ያልሆነን ጥፋት ሲሸከም የሚያመጣው ውጤት የታወቀ ነው፤ በየዓመቱ ገጹን እንደገና ይሠራል፣ ቅሬታውም በየዓመቱ ይመለሳል።

ንጹሕ የጣዕም ጉዳይ

የቀረው ጣዕም ነው። ቀለሙ፣ የአርማው ቦታ፣ ሰፋፊው ባዶ ቦታ፣ «ኩባንያ መሰለ» የሚለው ወቀሳ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል፤ የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች «ኩባንያ መሰለ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ስለ ቃላቱ እያወሩ ነው። በፊት ገጹ ላይ «ኃይለኛ፣ ፈጣን፣ ለሁሉም» የሚሉ ባዶ ቅጽሎች ተደርድረው ስርዓተ ክወናው ምን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ፕሮሰሰሮች ላይ እንደሚሠራና የአሁኑ ስሪት ቁጥር ስንት እንደሆነ የማይናገር ከሆነ ወቀሳው ትክክል ነው። የኦፕንቢኤስዲ ስርዓተ ክወና ድረ ገጽ ያለ ጌጥ በቀላል ኤችቲኤምኤል ተሠርቶም ሰው የሚፈልገውን ወዲያው ያገኝበታል። ቅጽሎቹን አንሥተው በቦታቸው እውነታ ይተኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረውን የጣዕም ቅሬታ አመስግነው መዝግበው ይተዉት። ለጣዕም ድምፅ አያሰጡ፤ ድምፅ የሚሰጡት የተናደዱትና ጊዜ ያላቸው ብቻ ናቸው።

ዝም ያሉትን ለማወቅ ሌላ መንገድ አለ። ጎብኚን የሚከታተል ስክሪፕት መትከል በዚህ ማኅበረሰብ ዘንድ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ቁጣ ያስነሣል፤ የሰርቨሩ ተራ መዝገብ ግን በቂ ነው። ከለውጡ በፊት በነበረው ሳምንትና ከለውጡ በኋላ ባለው ሳምንት የመጫኛው ፋይልና የፊርማው ፋይል ስንት ስንት ጊዜ እንደተጠየቁ ያነጻጽሩ። ማውረዱ ባለበት ሆኖ የፊርማው ጥያቄ በግማሽ ቢወርድ፣ ማንም ባይጽፍልዎትም አንድ ነገር ተሸሽጓል ማለት ነው። በተጨማሪም ስርዓተ ክወናውን አይተው የማያውቁ አራት አምስት ሰዎችን አንድ በአንድ ከገጹ ፊት አስቀምጠው «ለዚህ ላፕቶፕ የሚሆነውን አውርዱ» ይበሏቸውና እጅዎን አጣምረው ይመልከቱ። ማገዝ ክልክል ነው። ከባዱ ክፍል ይህ ነው።

መልስ አጻጻፍ

መልስ የሚጻፈው ከሰንጠረዡ በኋላ ነው፤ የሚጻፈውም ለሁሉም በአንድ ሆኖ፣ ተሰብሮ የተጠገነውን፣ ሊስተካከል የታሰበውንና እንዳለ የሚቆየውን ከነምክንያቱ ለይቶ ነው። «ትለምዱታላችሁ» የሚለውን ሐረግ ከመዝገበ ቃላትዎ ያውጡት፤ እውነት ቢሆንም እንኳ ሰሚው የሚሰማው «ችግርህ አይመለከተንም» የሚለውን ነው። ያልተቀበላችሁትን ሐሳብ «እያየነው ነው» እያሉ ማንጠልጠልም እንደዚያው ያስቆጣል። ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍ በቂ ነው፦ «የጎን ሜኑው እንዲመለስ የጠየቃችሁን አሥራ አንድ ሰዎች መልእክታችሁን አንብበናል። ሜኑው በስልክ ላይ ገጹን ስለሚሸፍን አንመልሰውም፤ ይሁን እንጂ በእርሱ በኩል ትደርሱባቸው የነበሩት የደኅንነት ማሳሰቢያዎችና የስሪት ማስታወሻዎች ከዛሬ ጀምሮ በፊት ገጹ ላይ ይገኛሉ።» እምቢታውም መፍትሔውም በግልጽ ተነግሯል፤ ሰው ባይስማማ እንኳ የሚይዘው ነገር አግኝቷል።

ምላሽ ሰጪው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ሥራው ያጥራል፤ ሊሠሩ የመጡትን፣ የተሰናከሉበትን ገጽ አድራሻ፣ ብራውዘርዎንና ድሮ የሚሄዱበትን መንገድ ከጻፉ በኋላ የፈለጉትን ያህል መናደድ ይችላሉ።

አሮጌውን ገጽ የሚዘጉበትን ቀን በመጀመሪያው ሳምንት አይቁረጡ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰንጠረዡን እንደገና ከፍተው፣ መጀመሪያ የጻፉትን የጉዳዮች ወረቀት ከጎኑ አስቀምጠው፣ በየመስመሩ ያሉትን ሰዎች «አሁንስ?» ብለው ይጠይቁ። የአሮጌው ገጽ መዝገብ አሁንም ሰዎች ወደ አንድ የተወሰነ ገጽ እየተመላለሱ መሆናቸውን ካሳየ፣ ያ ገጽ በአዲሱ ውስጥ ገና ቦታውን አላገኘም፤ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ አሮጌው ይቆይ።